አዲስ የሚወለዱ ግዙፍ ኮከቦች ለምን ቦግ እልም ይላሉ?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከፀሐይ በብዙ እጥፍ የሚከብዱ ኮከቦች ገና በመወለድ ላይ እያሉ ድምቀታቸው በድንገት ይጨምራል፣ ከዚያም ይቀንሳል ሲባል አነበብኩ። ኮከብ እያደገ ሲሄድ ቀስ እያለ መድመቅ አልነበረበትም? የሚለዋወጠው ኮከቡ ራሱ ነው ወይስ የሚጋርደው አቧራ? ደግሞስ በደመና ተሸፍኖ የማይታይ ነገር መድመቁ እንዴት ታወቀ?»

የመጨረሻው ጥያቄ እኔን ከሁሉም ይበልጥ ይስበኛል። ስለዚህ ጠቅለል ያለውን መልስ ላስቀድምና ሰፊውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

ሁለቱም ይከሰታል። አቧራ ይጋርዳል፣ ኮከቡም ይለዋወጣል። ትልልቆቹና ድንገተኛዎቹ ፍካቶች ግን የሚመጡት ኮከቡ በአንድ ጊዜ ብዙ ቁስ ሲጎርስ ነው። በትክክል እንናገር ከተባለ ያን ጊዜ የሚደምቀው ወደ ኮከቡ የሚወድቀው ቁስ ነው። «ቀስ እያለ መድመቅ አልነበረበትም?» ያሉትም ከእውነት የራቀ አይደለም። በብዙ ሺህ ዓመታት ከታየ እንደዚያው ነው። በወራትና በዓመታት ሲታይ ግን እድገቱ በዝላይ ነው።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ከፀሐይ 8 እጥፍ በላይ የሚመዝን ኮከብ ግዙፍ ይባላል። የሚወለደው በቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና ሆድ ውስጥ ነው። ሁሉ ነገሩ ጥድፊያ ነው። ፀሐይ ተረጋግታ ሙሉ ኮከብ እስክትሆን በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ወስዶባታል። ግዙፍ ኮከብ ግን በመቶ ሺህ ዓመታት ይጨርሳል። ገና ቁስ እየሳበ ሳለ መሃሉ ላይ ሃይድሮጅን ማቃጠል ይጀምራል። ማለትም ከመጋረጃው ጀርባ ሳይወጣ ይጎለምሳል። በዚያ ላይ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ርቀታቸውም ብዙ። ሲወለዱ ለማየት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጉርሻው እንሂድ። ደመናው ወደ ውስጥ ሲወድቅ በቀጥታ ኮከቡ ላይ አያርፍም። ትንሽም ብትሆን ሽክርክሪት አለችው። ሲጠጋ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል፣ ቁሱም በኮከቡ ዙሪያ ጠፍጣፋ ዲስክ ይሠራል። ኮከቡ የሚመገበው ከዚህ ዲስክ ነው። ከዲስኩ ወርዶ ኮከቡን የሚመታ ነገር ደግሞ በሚገርም ፍጥነት ነው የሚመጣው። ከፀሐይ 20 እጥፍ የሚመዝንና በስፋት 10 እጥፍ የሚሆን ኮከብ ብንወስድ፣ ከሩቅ የወደቀ ጋዝ ገጹ ላይ ሲደርስ በሰከንድ ወደ 870 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀትና ብርሃን ይቀየራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሚወጣው ብርሃን በሦስት ነገር ይወሰናል። በኮከቡ ክብደት፣ በዓመት በሚወድቀው ቁስ መጠን፣ እና በኮከቡ ስፋት። ክብደቱና የቁሱ መጠን ሲጨምሩ ብርሃኑ ይጨምራል፣ ስፋቱ ሲጨምር ይቀንሳል። ከላይ ባልነው ኮከብ ላይ በዓመት 5 ጁፒተር የሚያህል ቁስ ቢወድቅ፣ ከዚህ ብቻ የሚወጣው ብርሃን ከፀሐይ 300,000 እጥፍ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ኮከብ ከራሱ የሚሰጠው በጥቂት አስር ሺዎች እጥፍ የሚቆጠር ብርሃን ነው። ስለዚህ ምግቡ ሲበዛ ብርሃኑ ከኮከቡ ብርሃን ይበልጣል። ቦግ የሚለው ያኔ ነው።

ታዲያ ምግቡ ለምን እኩል አይመጣም? ዲስኩ ከደመናው የሚቀበለውና ለኮከቡ የሚያቀብለው እኩል ስላልሆነ ነው። ከላይ ብዙ ይወርድበታል፣ ወደ ታች ግን ያን ያህል አያሳልፍም። ይጠራቀማል። ሲከብድ በራሱ ስበት ይረበሻል። ጠምዛዛ ክንዶች ያወጣል፣ አንዳንዴም ክንዱ ተቆርሶ ጓል ይሆናል። ጓሉ ከዲስኩ ጋር እየተጎተተ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል፣ በመጨረሻም ይበላል። ተመራማሪዎች ይህን በኮምፒውተር ስሌት ደጋግመው አይተውታል። ትንሽ ጓል ትንሽ ፍካት ይሰጣል፣ ትልቅ ጓል ደግሞ ለዓመታት የሚዘልቅ። ሌሎች መንገዶችም አሉ። የዲስኩ የውስጥ ጫፍ በጣም ሲሞቅ ድንገት ቁሱን ይለቀዋል፣ ወይም አጠገቡ የሚያልፍ ሌላ ኮከብ ይረብሸዋል። እኔ ግን ለግዙፎቹ የጓሉን ታሪክ አስቀድማለሁ። ምክንያቱን ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ያዩታል።

ትንንሽ ኮከቦች እንዲህ እንደሚያደርጉ ድሮም ይታወቅ ነበር። ኤፍዩ ኦራየኒስ የሚባል ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1936 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከ100 እጥፍ በላይ ደመቀ፣ እስከ ዛሬም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ለግዙፎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ማስረጃ አልነበረም። እነሱ በሌላ መንገድ የሚያድጉ ይሆን ወይ የሚል ጥርጣሬ ነበር። ምክንያት አልባ ጥርጣሬም አይደለም። ግዙፍ ኮከብ ብርሃኑ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ አቧራውን ይገፋዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነበረው እንቆቅልሽ ይህ ነው። ኮከቡ የሚመጣለትን ምግብ በራሱ ብርሃን እየገፋ እንዴት ሊያድግ ይችላል? ዲስክ ካለ ግን መልስ አለ። ብርሃኑ ከላይና ከታች ባለው ክፍት መንገድ ያመልጣል፣ ቁሱ በጎን ይገባል። ግዙፍ ኮከብ ከዲስክ በጉርሻ ሲመገብ ማየት ለዚህ መልስ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ያ ማስረጃ በ2015 መጣ። የመጣውም ከብርሃን ሳይሆን ከሬዲዮ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሜዘር ልንገርዎ። ሌዘርን ያውቁታል። ሜዘር የእሱ ወንድም ነው፣ ግን በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው። በግዙፍ ሕፃን ኮከብ ዙሪያ የሜታኖል ሞለኪውሎች አሉ። ከሞቀ አቧራ የሚመጣ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር፣ ሲያገኛቸው ኃይል ይሞላሉ። ከዚያ አንድ የሬዲዮ ምልክት በመካከላቸው ሲያልፍ እየተባዛ ይወጣል። በ6.7 ጊጋኸርዝ የሚሰማው የሜታኖል ሜዘር በ1991 የተገኘ ሲሆን፣ የሚታየው ግዙፍ ኮከቦች በሚወለዱበት ቦታ ብቻ ነው። ለኛ ሁለት ጥቅም አለው። ሬዲዮ አቧራን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ሜዘር የሚባዛ ነገር ስለሆነ የኢንፍራሬዱ ትንሽ ጭማሪ በሬዲዮ ትልቅ ጭማሪ ሆኖ ይሰማል። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ሲሞቅ ደወል የሚደውልልን እሱ ነው።

በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ኤስ255 ከሚባለው አካባቢ ይህ ደወል ሲጮህ ሰሙ። ቦታው ወደ 6,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ኮከቡ ኒርስ 3 ይባላል፣ ከፀሐይ 20 እጥፍ ገደማ ይመዝናል። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ በቅርብ ኢንፍራሬድ (ለሚታይ ብርሃን በሚቀርበው አጭሩ የኢንፍራሬድ ሞገድ) ሲታይ በእርግጥም ደምቆ ነበር፣ በአንዱ የኢንፍራሬድ ማጣሪያ 10 እጥፍ ያህል። በዙሪያው ያለው አቧራም ብርሃኑን እያንጸባረቀ ነበር። የብርሃን ማሚቶ ልንለው እንችላለን። ብርሃኑ ከኮከቡ ወጥቶ አቧራው ጋ ደርሶ ወደ እኛ እስኪዞር ጊዜ ይፈጃል። ማሚቶው ምን ያህል እንደራቀ በመለካት ፍካቱ የጀመረው በሰኔ 2015 አጋማሽ ግድም እንደሆነ ተሰላ። አጠቃላይ ብርሃኑ ከፀሐይ 29,000 እጥፍ ወደ 160,000 እጥፍ አድጎ ነበር። ጠቅላላ የወጣው ኃይል ፀሐያችን በ100,000 ዓመት የምታወጣውን ያህላል። ከ13 ወር ገደማ በኋላ ደግሞ በሬዲዮ የሚታየው ጀት መጨመር ጀመረ። ጀት ማለት ኮከቡ ከሚበላው ከፊሉን በሁለት ዋልታው የሚተፋው ጅረት ነው። ይህ ቅደም ተከተል በጣም ደስ ይለኛል። መጀመሪያ በላ፣ ሙቀቱ ወጣ፣ ከዓመት በኋላ የተፋው ነገር ሩቅ ደርሶ ታየ።

አሁን «አቧራ ይሆን?» ወደሚለው ጥያቄዎ ልመለስ። ይህ ምሳሌ ጥሩ መፈተኛ ነው። አቧራ ሲገለጥም ኮከብ ይደምቃል። ከሰማያዊው ወገን ያለው ብርሃን ይበልጥ ይጨምራል፣ ምክንያቱም አቧራ ሰማያዊውን ነው አብዝቶ የሚውጠው። ኒርስ 3ም በአጭሩ የኢንፍራሬድ ሞገድ ይበልጥ ነበር የደመቀው። ስለዚህ በቀለም ብቻ መፍረድ ያስቸግራል። የሚፈርደው ሩቅ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ረጅሙ የኢንፍራሬድ ሞገድ፣ ነው። አቧራ ብርሃን አያጠፋም። ይውጠውና ይሞቃል፣ ከዚያም በሩቅ ኢንፍራሬድ መልሶ ይሰጠዋል። መጋረጃ ቢከፈት ወይም ቢዘጋ በዚያ በኩል የሚወጣው ጠቅላላ ሙቀት እምብዛም አይቀየርም። ከጨመረ ግን ምድጃው ራሱ ጨምሯል ማለት ነው። ሶፊያ የተባለችው በአውሮፕላን ላይ የተጫነች ቴሌስኮፕ ኒርስ 3ን ስታየው ሩቅ ኢንፍራሬዱ ጨምሮ አገኘችው። ብርሃኑ በየሞገዱ ተከፋፍሎ ሲታይ ደግሞ የሃይድሮጅን፣ የሶዲየምና የካርቦን ሞኖክሳይድ ደማቅ መስመሮች ነበሩ። ትንንሽ ኮከቦች ሲመገቡ የሚያሳዩት ምልክትም ይኸው ነው። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀለት።

ሶፊያ በመስከረም 2022 መብረር አቁማለች። እውነቱን ለመናገር ይህ በጣም ያሳስበኛል። ቀጣዩ ፍካት ሲመጣ ደወሉን እንሰማለን፣ ምድጃውን ግን በዚያ ሞገድ የሚለካልን እኩያ መሣሪያ ገና አልተተካም።

ሁለተኛው ምሳሌ በጊንጥ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ኤንጂሲ 6334 ይባላል፣ ከእኛ ወደ 4,200 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በደቡብ አፍሪካ የሃርትቢስትሁክ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይህን ቦታ ለዓመታት ይከታተል ነበር። በ2015 መጀመሪያ የሜታኖል፣ የውሃና የሃይድሮክሲል ሜዘሮች በአንድነት ተነሱ፣ 10 ያህል የተለያዩ መስመሮች። በዚያው ዓመት ቺሊ ያለው የአልማ ቴሌስኮፕ በሚሊሜትር ሞገድ ተመለከተው። በ2008 ከታየው ጋር ሲነጻጸር የአቧራው ጨረር 4 እጥፍ ሆኗል። ከዚህ ተነስተው የኮከቡ ብርሃን 70 እጥፍ ጨምሯል ብለው ገመቱ። በኋላ ሩቅ ኢንፍራሬዱ ሲለካ ቁጥሩ ወደ 16 እጥፍ ወረደ። ያም ቢሆን ከኒርስ 3 በጣም ይበልጣል፣ ፍካቱም በወራት አላበቃም፣ ለዓመታት ዘለቀ። በአንድ ጎኑ ብቻ በታየ መለኪያ ቶሎ አለመደምደም ጥሩ መሆኑን እኔ ከዚህ ነው የምወስደው።

እዚያ አንድ ሌላ እንግዳ ነገርም ታይቷል። ኮከቡ ሲደምቅ አጠገቡ ያለው በአልትራቫዮሌት የሚሞቅ ጋዝ የሬዲዮ ጨረሩ በ5 እጥፍ ገደማ ቀነሰ። ሲበላ ብሶ ሊያበራ ሲገባው እንዴት? መልሱ የሚገኘው ከኮከቡ ስፋት ነው። ግዙፍ ኮከብ ቶሎ ቶሎ ሲመገብ ሙቀቱን ማውጣት አቅቶት ያብጣል። በዓመት የፀሐይን አንድ ሺህኛ ያህል የሚበላ ኮከብ ስፋቱ ከፀሐይ 100 እጥፍ በላይ ሊደርስ እንደሚችል ስሌቶች ያሳያሉ። ያበጠ ኮከብ ገጹ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ገጽ አልትራቫዮሌት አይሰጥም። ስለዚህ በኢንፍራሬድ ደምቆ በአልትራቫዮሌት ሊደበዝዝ ይችላል። «ደመቀ» ስንል በየትኛው ሞገድ ብሎ መጠየቅ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ልቤን የወሰደው ነው። በጥር 2019 ጂ358.93-0.03 በሚባል ቦታ፣ 22,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ ደወሉ እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ ዓለም ተዘጋጅቶ ነበር። ሜዘሮችን የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ የትብብር ቡድን ስለነበረ በየአገሩ ያሉ ቴሌስኮፖች ወዲያው ዞሩ። ከዚህ በፊት ያልታወቁ የሜዘር ዓይነቶችም ተሰሙ። ቴሌስኮፖቹን በማጣመር ሲታይ የሜዘሮቹ ነጥቦች በየሳምንቱ ከመሃል እየራቁ ነበር። ጋዙ እየበረረ ነው እንዳይባል ፍጥነቱ የብርሃንን ከ4 እስከ 8 በመቶ ያህላል። ያን ያህል የሚሮጥ ጋዝ እዚያ የለም። እየሄደ ያለው ሙቀቱ ነው። ከመሃል የተነሳ የሙቀት ማዕበል በዲስኩ ላይ እየተንከባለለ፣ የደረሰበትን ሁሉ ሜዘር እያስበራ ያልፋል። በብርሃን ፍጥነት ያልሄደው አቧራው ብርሃኑን እየዋጠና እየለቀቀ ስለሚያዘገየው ነው። የሜዘሮቹ አሰላለፍ ደግሞ በዲስኩ ውስጥ ጠምዛዛ ክንዶች እንዳሉ አሳየ። ከላይ የጓሉን ታሪክ አስቀድማለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። በራሱ ስበት የተረበሸ ዲስክ መልኩ እንዲህ ነው።

የዚህኛው ፍካት አጭር ነበር፣ በወራት ውስጥ አለፈ። በቅርብ ኢንፍራሬድም አልታየም፣ መጋረጃው በጣም ወፍራም ስለሆነ። ሜዘር የሚከታተል ባይኖር ኖሮ ማንም ሳያውቀው ያልፍ ነበር።

ሁሉም ለውጥ ግን ጉርሻ አይደለም። በሰዓቱ የሚመላለሱም አሉ። ጂ9.62+0.20ኢ የሚባለው ሜዘር በየ244 ቀኑ ይነሳና ይወርዳል። ይህንንም ያገኙት በሃርትቢስትሁክ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተገኝተዋል፣ ከ1 ወር ያነሰ ዑደት ያላቸውም ከ1 ዓመት የሚበልጡም። ጥንድ ኮከቦች ሲቀራረቡና ሲራራቁ፣ ወይም ያበጠው ኮከብ ሲነፋና ሲሟሽሽ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ምክንያት ለማስረዳት መሞከር ተገቢ አይመስለኝም። ዲስኩ ሲዞር ወፍራሙ ጎኑ ወደ እኛ ሲመጣ የሚጋርዳቸውም አሉ። እነሱ ግን ሲደበዝዙ ቀለማቸው ወደ ቀይ ያደላል፣ በሩቅ ኢንፍራሬድ ደግሞ ብዙም አይነቃነቁም።

ከዚህ ጋር የሚቀላቀል አንድ ነገር ላንሳ። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ በኦሪዮን ያለው ቀዩ ኮከብ ቤቴልጁስ በጣም ደብዝዞ ብዙ ተወርቶለታል። እሱም ግዙፍ ነው፣ ግን በዕድሜው መጨረሻ ላይ ያለ አዛውንት ነው። ያደበዘዘው የገጹ ክፍል መቀዝቀዝና ራሱ የተፋው አቧራ ነው። ከሕፃናቱ ጉርሻ ጋር አይገናኝም።

ራስዎ ማየት ከፈለጉ፣ እየተመገቡ ያሉትን በዓይንም ሆነ በትንሽ ቴሌስኮፕ ማየት አይቻልም። ብርሃናቸው ከደመናው አይወጣም። ግን በኦሪዮን ሰይፍ ላይ ያለውን ጭጋጋማ ነጥብ በትንሽ ቴሌስኮፕ ይመልከቱ። መሃሉ ላይ ተጠጋግተው የቆሙ አራት ኮከቦች አሉ፣ ትራፔዚየም ይባላሉ። በስተጀርባቸው ባለው ጨለማ ደመና ውስጥ ደግሞ ገና ያልወጡ ግዙፍ ኮከቦች አሉ፣ ወደ 1,300 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ። ከእነዚህ ዓይነቶቹ ቅርቦቹ እነሱ ናቸው። ከፊት ያሉት አራቱ መጋረጃቸውን ገፈው ጨርሰዋል። ከኋላ ያሉት ገና ናቸው።